ጥፋትህን በባትሪው አታላክክ

ስማ፣ ጎሕ ሳይቀድ ከመካነ ሰላም መናኸሪያ ሕዝብ ጭነህ የምትወጣ ሾፌር! አንተም ቴስተር አንጠልጥለህ በየጋራዡ የምትዞር ኤሌክትሪሽያን! አንተም ቤትህ ተቀምጠህ የዕለት ገቢ ብቻ የምትቆጥር ባለንብረት! ይህ ቃል ለሦስታችሁም ነው።

በታኅሣሥ ውርጭ ማለዳ ቁልፉ ዞሮ ሞተሪኖው ጠቅ ብሎ ዝም ሲል፣ አፋችሁ የለመደው ክስ አንድ ነው፦ «ባትሪው ሞተ»። ማን ገደለው? ውርጭ ብላችሁ አታመካኙ። ውርጭ የባትሪን ድካም ይገልጣል እንጂ፣ ዕድሜውን የሚበላው ይልቁንም ሙቀት ነው። ከደጋው ወደ ዓባይ በረሃ ወርደህ ወደ መርጡለ ማርያም በተሻገርህ ቁጥር ውሃው ይተናል፤ በውስጡ ያሉት የእርሳስ ሰሌዳዎችም ይበላሉ። ክዳኑን ከፍተህ ያየህበት ቀን የታለ? ውሃው ሲጎድል ከቧንቧ ቀድተህ ጨመርህ፤ ባስ ሲልም አሲድ ደፋህበት። የተነነው ውሃው ነው፤ አሲዱ እዚያው አለ። የሚገባው የተጣራ የባትሪ ውሃ ብቻ መሆኑን እያወቅህ ሰነፍህ። ሳይሞላ ለሳምንታት ስታቆመውም በሰሌዳዎቹ ላይ ሰልፌት ጠጠረ፤ ከጠጠረ ወዲያ ቻርጅ ቢያደርጉት እንደ ቀድሞው አይመለስም።

ኤሌክትሪሽያን ሆይ፣ ያንተ ይብሳል። ፊውዝ ሲቃጠል ምክንያቱን ሳትፈልግ የመዳብ ሽቦ አሰርህበት። ፊውዝ የሚቃጠለው መኪናው እንዳይቃጠል ነው፤ አንተ ግን ዘበኛውን አስረህ በሩን ከፈትህ። ዲናሞውን ሳትለካ ባለመኪናውን አዲስ ባትሪ አስገዛህ፤ ሳምንት ሳይሞላ ያም ወደቀ። ከአሮጌው የደፋኸው አሲድና እርሳስ ልጆች የሚጫወቱበትን አፈር መረዘ። እርሳስ የሕፃን አእምሮ እንደሚጎዳ አልሰማሁም አትበል።

መንገድ ላይ ሲጠፋብህ ረዳትህና ተሳፋሪው ወርደው ይገፉልሃልና ማፈር ትተሃል። በጣና ላይ አሮጌ ሞተር ጀልባ የሚነዳው ወንድምህ ሐይቁ መሐል ቢጠፋበት ማን ይገፋለታል? አንተስ በዓባይ ጠመዝማዛ ቁልቁለት በሌሊት መብራት ድርግም ቢልብህ፣ ገደሉ ዳር ማን ይደርስልሃል?

እንግዲህ ተመለሱ፣ ንስሐ ግቡ። ንስሐም ደረት በመምታት ብቻ አያበቃም፤ ቀኖና አለው። ቀኖናችሁ ይህ ነው። ባለ 12 ቮልቱን ባትሪ መኪናው ካደረ በኋላ ለኩ። 12.6 ካነበበ ሞልቷል፤ 12.2 ከሆነ ግማሹ ጎድሏል፤ ከ12 በታች ከወረደ ባዶ ሊሆን ተቃርቧል። የሞላ ባትሪ ሞተር ሲቀሰቀስ ከ9.6 በታች ከወረደ በእርግጥ ደክሟል፤ ያን ጊዜ ብቻ ክሰሱት። ሞተሩ ተነሥቶ ሲሠራ ከ13.8 እስከ 14.4 ካላነበባችሁ ጥፋቱን በዲናሞው፣ በቺንጋው ወይም በሽቦው ፈልጉ። ይህ ሁሉ ደኅና ሆኖ ሞተሪኖው ከተንፏቀቀ፣ እየተቀሰቀሰ ሳለ ከባትሪው ኔጌቲቭ ጫፍ እስከ ሞተሩ አካል ለኩ፤ ከግማሽ ቮልት በላይ ካሳየ የዛገው ማሳው፣ ማለትም ኔጌቲቩን ከሞተሩ አካል ጋር የሚያገናኘው መስመር ነው። ጫፎቹ ላይ የተጋገረውን ነጭና አረንጓዴ ዝገት አጽዱ። ስትፈቱ ኔጌቲቩን አስቀድሙ፣ ስታስሩ በመጨረሻ አድርጉት። ቻርጅ ከሚደረግ ባትሪ አጠገብ ሲጋራ አታጭሱ፤ የሚወጣው ሃይድሮጂን ይፈነዳል።

የበላችሁትንም መልሱ። ያለ ምክንያት ባትሪ ያስገዛህ ሂድና ገንዘቡን ለባለቤቱ ስጥ፤ ሳይመልሱ ንስሐ የለም። በፊውዝ ቦታ ያሰርኸውን ሽቦ ዛሬውኑ ፍታ። ባለንብረትም ለጥገና ገንዘብ የጠየቀህን ሾፌር አትገላምጥ፤ ያተረፍኸው ብር በሰው ነፍስ ላይ የተወሰደ ብድር ነው። ሾፌርም መኪናው ሳይጠገን «ውጣ» ቢሉህ እምቢ በል፤ እንጀራዬ ነው ማለት በፈጣሪ ፊት አያድንህም። ተሳፋሪው ፊውዝህን ሊመረምር አይችልም፤ አምኖህ ይሳፈራል እንጂ። ስለዚህ እምነት ነው የምትጠየቁት።