ዙሩን የሚሸከመው ማን ነው?

በአማርኛ «ቀና» የተባለ መንገድ ቀጥ ያለ ነው፤ «ቀና» የተባለ ሰውም ደግ ሰው ነው። «ጠማማ» ሲባል ደግሞ ያልተቃናው እንጨትና ክፉው ሰው በአንድ ቃል ይጠራሉ። ቋንቋው ቅርጽንና ምግባርን አንድ ላይ አስሮ ለቀጥታው ፈርዷል፤ በጥምዙም ላይ በይኗል ማለት ይቻላል። ይሁን እንጂ ያው ቋንቋ «ዞሮ ዞሮ ከቤት፣ ኖሮ ኖሮ ከመሬት» ሲል የሰውን ዕድሜ በቀጥታ መሥመር ሳይሆን በዙር ይስለዋል። እንግዲህ መዞር ጥፋት ነው ወይስ ጥበብ?

ጥያቄው አሮጌ ቢሆንም በፎቶግራፍ ምክንያት አዲስ መልክ ይዟል። ከአውሮፕላንና ከሳተላይት ላይ ሆኖ ምድርን ማንሣት በተቻለበት ዘመን፣ ሐዲዱም፣ የመኪናው መንገድም፣ ከተማውም፣ ወንዙም አንድ ዐይነት ቅርጽ ይዘው ይታያሉ፤ ሁሉም ይጠመዘዛሉ፣ ሁሉም ቀለበት ይሠራሉ። በመንገዱ ላይ ያለው ተጓዥ የሚያየው ከፊቱ ያለችውን አንዲት እጥፋት ብቻ ነው። ሙሉውን ዙር የሚያየው ከላይ የቆመው ሲሆን፣ ለእርሱም ቅርጹ ያምረዋል። ነገር ግን ውበት የፍርድን ቦታ ሊይዝ ይገባዋልን?

በመጀመሪያ ለጥምዙ ጥብቅና መቆም ተገቢ ነው። የብረት መንኰራኩር በብረት ሐዲድ ላይ ሲንከባለል ሰበቃው አነስተኛ በመሆኑ፣ ባቡር ከባድ ሸክም በጥቂት ኀይል ይጎትታል። በዚያው ምክንያት ግን ዳገት አይችልም። በየ100 ሜትሩ 2 ሜትር ብቻ ከፍ የሚል ሐዲድ 100 ሜትር ለመውጣት 5 ኪሎ ሜትር መሄድ ግድ ይሆንበታል። ሸለቆው ጠባብ ሆኖ ይህን ያህል ርዝመት ያጣ መሐንዲስ ያለው ምርጫ መሥመሩን እንደ ገመድ መጠቅለል ነው። በስዊዘርላንድ ብሩዚዮ በተባለ ስፍራ፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1908 በተከፈተው የተራራ ሐዲድ ላይ፣ ባቡሩ 9 ቅስት ባለው ድልድይ ክብ ሠርቶ ይዞርና በዚያው ድልድይ ቅስት ሥር ያልፋል። ፎቶግራፉን የሚያይ ሰው ባቡሩ ወደ ተነሣበት የተመለሰ ይመስለዋል። እውነቱ ግን ባቡሩ የሚመለስበት ነጥብ ከቀድሞው ከፍ ያለ ወይም ዝቅ ያለ መሆኑ ነው። በአገራችንም በኢጣልያ ወረራ ዘመን በደባርቅና በአዲ አርቃይ መካከል የተሠራው የሊማሊሞ መንገድ እንዲሁ ነው፤ ገደሉን በቀጥታ ቢጋፈጠው ኖሮ ጭነት የያዘ መኪና ባልወጣው ነበር። ከዚህ ላይ መጠምዘዝ ጠማማነት አይደለም፤ ትዕግሥት ነው።

ነገር ግን ሁሉም ጥምዝ ትዕግሥት አይደለም። ዐፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊዙ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የሐዲድ ፈቃድ ሲሰጡ፣ ከጅቡቲ የሚነሣው መሥመር በመጀመሪያ ይደርሳል የተባለው ሐረር ነበር። ሐረር ግን ከፍ ብላ በተራራ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ሐዲዱን ወደ እርሷ ማውጣት ብዙ ወጪ የሚጠይቅ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ መሥመሩ በግርጌው ዞረ፤ በ1895 ዓ.ም. በቆመበት ሜዳ ላይም ድሬዳዋ ተወለደች። ሐዲዱ ጉዞውን ቀጥሎ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ፣ የዘመናት የንግድ ከተማ የነበረችው ሐረር 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ቀርታ ነበር። የሐረር ነጋዴ ጭነቱን ወደ ባቡር ለማድረስ ተራራውን መውረድ፣ የመጣለትንም ይዞ መውጣት ነበረበት። ኩባንያው ያልወጣውን ዳገት የሐረር ሰውና የጋማ ከብት ወጡት።

ከዚህ አንድ ቁም ነገር ይገኛል። ዙር በቀላሉ አይጠፋም፤ ብዙ ጊዜ ከአንዱ ትከሻ ወርዶ በሌላው ትከሻ ላይ ይጫናል። የብሩዚዮው ሐዲድ ዙሩን ራሱ ተሸክሞታል፤ የሐረሩ ሐዲድ ለሌላ አስተላልፎታል። ሁለቱም ከላይ በተነሣ ፎቶግራፍ ውስጥ የሚያማምሩ ጥምዞች ናቸው። ቅርጹ ሰሙ ነው፤ ወርቁ የሸክሙ ባለቤት ማን መሆኑ ነው።

ተፈጥሮም ይህንኑ ታስተምራለች፤ እርሷ ግን አትከሰስም። ከግሽ ዓባይ የሚመነጨው ውሃ ወደ ሰሜን ፈስሶ ጣና ይገባል፤ ከባሕር ዳር ወጥቶ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ይወርዳል፤ ከዚያም ጎጃምን ዞሮ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ሱዳን ያቀናል። ይህን ታላቅ ቀለበት በአንድ ሥዕል አሟልቶ የሚያሳይ የሳተላይት ፎቶግራፍ ነው። ከቀለበቱ መካከል የሚኖረው ገበሬ ግን የሚያውቀው ሌላ ነገር ነው፤ ወንዙ በጥልቅ ሸለቆ ውስጥ ስለሚሄድ በዙሪያው እያለ ለእርሻው አይደርስለትም። «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» የሚለው ብሂል በቀለበት መካከል መኖር ከቀለበቱ መጠቀም አለመሆኑን ይናገራል። ወንዝ ይህን ሲያደርግ ኀሳብ የለውም። ሰው ሲያደርገው ግን ኀሳብ አለው፤ ስለዚህም ኀላፊነት አለበት።

ኀላፊነቱ ጎልቶ የሚታየው በከተማ ነው። በ1990ዎቹ ዓ.ም. የተሠራው የአዲስ አበባ ቀለበት መንገድ ለባለመኪናው ከተማውን አቀናለት፤ ሳይቆም እንዲያልፍ አደረገው። ከመንገዱ ማዶ ለማዶ ይጎራበት የነበረው እግረኛ ግን መሻገሪያ ድልድይ ፍለጋ ወዲህና ወዲያ መሄድ፣ ደረጃ መውጣትና መውረድ ግዴታው ሆነ። ለመኪናው የቀናው ለእግረኛው ዞረ። በ2008 ዓ.ም. የተከፈተው የከተማ ቀላል ባቡርም የራሱ እጥፋት አለው፤ ከሰሜን ወደ ደቡብ እንዲሄድ የተሠራው መሥመር ልደታ ላይ ወደ ምሥራቅ ታጥፎ፣ በሜክሲኮና በለገሃር በኩል ከሌላው መሥመር ጋር አንድ ሐዲድ ተጋርቶ፣ እስከ መስቀል አደባባይ ከሄደ በኋላ ነው ወደ ደቡብ የሚዞረው። ይህ ዙር ግን ለጋራ ጥቅም ሲባል ተሳፋሪው ሁሉ እኩል የሚከፍለው ነው። ሁለቱ ዙሮች በምግባር የሚለያዩት በዚህ ነው።

ካሜራ ይህን ልዩነት ሊሰውረውም ሊገልጠውም ይችላል። በምሽት በአደባባይ ላይ የካሜራው ዐይን ለረጅም ጊዜ ተከፍቶ ሲቆይ፣ የመኪናዎቹ መብራት የወርቅ ቀለበት ይሆናል፤ በዚያው ጊዜ የሚያልፈው እግረኛ ግን መብራት ስላልያዘ ከሥዕሉ ይጠፋል። ይህ የፎቶግራፍ አሮጌ ጠባይ ነው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1838 ፈረንሳዊው ዳጌር የፓሪስን ጎዳና ሲያነሣ፣ ሰውና ሠረገላ የሚተራመስበት መንገድ ባዶ ሆኖ ወጣ፤ የሚንቀሳቀሰው ሁሉ ጠፍቶ በግልጽ የቀረው ጫማውን ለማስጠረግ የቆመ አንድ ሰው ነበር። ዛሬም ከላይና በርጋታ የሚያነሣ ካሜራ የሚመሰክረው ለቆመው ነው፤ ለግንቡ፣ ለድልድዩ፣ ለሐዲዱ። የሚመላለሰው ሰው ምስክር ያጣል።

የሰንጋ ተራም ነገር ከዚህ ጋር ይያያዛል። ስሙ እንደሚያመለክተው ሰፈሩ ሰንጋ የሚቆምበት ተራ ነበር፤ ከሩቅ አገር ተነድቶ የመጣው ሰንጋ ወደ መጣበት አይመለስም። በ2000ዎቹ ዓ.ም. አካባቢው መልሶ እንዲለማ ሲደረግ የቀበሌ ቤቶቹ ፈርሰው ብዙ ነዋሪዎች ወደ ከተማው ዳርቻ ሄዱ። በምትካቸው የባንክ ሕንጻዎች ተነሡ፤ ከእነዚህም አንዱ በ2014 ዓ.ም. የተመረቀውና ከ200 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት ነው። ከዚያ ከፍታ ላይ የሚነሣ ፎቶግራፍ የሐዲዱን መታጠፍና የአደባባዮቹን ክብ አሳምሮ ይይዛል። የማይዘው ሌላ ዙር አለ፤ ይኸውም ትናንት በእግሩ ይደርስበት ወደ ነበረው ሥራ ለመምጣት ዛሬ ሁለትና ሦስት ታክሲ የሚለዋውጠው፣ በጨለማ ወጥቶ በጨለማ የሚገባው ሰው ዙር ነው። ለዕድርና ለቀብር የድሮ ጎረቤቱን ፍለጋ ከዳር እስከ ዳር የሚሄደውም ያንኑ ዙር ይዞራል።

«ከተማ ያለ መፍረስ አይሠራም፤ የፈረሱት ቤቶችም ጣሪያቸው የሚያፈስ፣ መጸዳጃቸው የጋራ ነበር» የሚል ተከራካሪ ይኖራል። ንግግሩ እውነት አለው፤ ከነዋሪዎቹ መካከል የተሻለ ቤት ያገኙ፣ በማግኘታቸውም የተደሰቱ አሉ። ስለዚህ ፍርዱ በመፍረስ ላይ ወይም በመዞር ላይ ሊሆን አይችልም። ፍርዱ በሒሳቡ ላይ ነው። መንገድ የሚቀይስ፣ ሰፈር የሚያነሣ ሰው የብረቱንና የሲሚንቶውን ዋጋ እስከ መጨረሻው ሳንቲም ያሰላል፤ በሌላው ሰው እግርና ሰዓት የሚከፈለውን ግን ብዙ ጊዜ ከመዝገቡ ውጭ ይተወዋል። ያልተመዘገበ ዕዳ ያልተከፈለ ዕዳ ነው። ጥምዝን ጠማማ የሚያደርገው ይህ ነው፤ ቀጥተኛ መንገድንም ቢሆን ጠማማ ያደርገዋል።

ገበሬ በሬዎቹን በአውድማ ላይ ሲያዞር ዙሩ ከንቱ ነው የሚለው የለም፤ ምርቱ ይታያል፤ በሬውም ከገለባው ድርሻ አለው። የከተማና የአገር ዙርም በዚሁ ሚዛን ሊመዘን ይገባል፤ የሚዞረው ማን ነው? ከምርቱስ ይደርሰዋል ወይ? ፎቶግራፍ አንሺው ከማማው ላይ ያነሣውን ውብ ቀለበት ሊጥለው አይገባም። ነገር ግን ደረጃውን ወርዶ፣ ከታክሲው ሰልፍ መካከል ቆሞ፣ በሰው ቁመት ሁለተኛውን ሥዕል ማንሣት አለበት። ሁለቱ ሥዕሎች ጎን ለጎን ሲሰቀሉ ተመልካቹ መጀመሪያ ክቡን አይቶ ይደነቃል፤ ቀጥሎ ፊቶቹን አይቶ ይጠይቃል።