ባልንጀራችን ማን ነው?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ጌታችንን ሊፈትን የተነሣው ሕግ ዐዋቂ ባልንጀራን መውደድ እንደሚገባ ጠፍቶት አልነበረም። ትእዛዙን በቃሉ ያውቀዋል። የጠየቀው ባልንጀራነት እስከ የት እንደሚደርስና የት ላይ እንደሚያበቃ ነበር (ሉቃ. 10÷25-37)። እኛም ትእዛዙን ከሕፃንነታችን ጀምሮ አጥንተነዋል። እንደዚያ ሰው በልባችን ድንበር አስምረን እንደምንኖር የተረዳነው ግን ባለፈው ጥር በጣና ዳር ነው።

የአስተርእዮ ማርያም በዓል ሲቃረብ፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ በቤተ ክርስቲያን የሚጎዘጎዝ ቄጠማ ልናጭድ ወደ ሐይቁ ወረድን። የደንገል ታንኳ ሲሠሩ የነበሩ አንድ አረጋዊ የወይጦ ሰው ሥራቸውን ትተው መልካም ቄጠማ ያለበትን አሳዩን፤ አብረውን አጨዱ፤ ሸክማችንንም አሰሩልን። ፀሐዩ ጠንካራ ነበርና ውኃ በጣሳ ቀድተው አቀረቡልን። እርስ በርሳችን ተያየን። ከመካከላችን አንዱ “አባባ፣ ጾመኞች ነን” አለ፤ ሌሎቻችንም ዝም ብለን በቃሉ ተባበርን። አረጋዊው ጣሳውን ዝቅ አድርገው “ልጆቼ፣ ዛሬ እኮ ቅዳሜ ነው” አሉና ወደ ሥራቸው ተመለሱ። እርሳቸው ሙስሊም ሆነው ሳለ የእኛን የጾም ቀን ያውቃሉ፤ እኛ ግን ጾማችንን የሐሰት መሸፈኛ አደረግነው። በዓሉ ሲደርስ እርሳቸው ያሰሩት ቄጠማ በቤተ ክርስቲያናችን ተጎዘጎዘ። ውኃቸው ግን ከከንፈራችን አልደረሰም።

ወይጦዎች ከጣና ዳር የቆዩ ነዋሪዎች ናቸው። የራሳቸው ቋንቋ እንደ ነበራቸው ይነገራል፤ ጀርመናዊው ሊቅ ኦይገን ሚትቮክ እ.ኤ.አ. በ1907 ስለ እነርሱ ሲጽፍ ግን የሚናገሩት አማርኛ ነበር። ታንኳ በመሥራት፣ ዓሣ በማጥመድና የወፍጮ ድንጋይ በመጥረብ ይታወቃሉ። የደንገል ታንኳ ደግሞ ለዘመናት መነኮሳትንና ምእመናንን ወደ ደሴቶቹ ገዳማት ሲያመላልስ የኖረ ነው። አባቶቻቸው ጉማሬ እያደኑ ሥጋውን ይበሉ ስለ ነበር ክርስቲያኑ ጎረቤታቸው ርኩሳን ናቸው ብሎ አገለላቸው፤ ሙስሊሙም ጎረቤታቸው እንደ ወገኑ ሊቆጥራቸው አልወደደም። አደኑ ቀርቷል፤ መገለሉ ግን ገና አልቀረም። ባሕር ዳር እየሰፋች የሐይቁ ዳር በሆቴልና በመናፈሻ ሲያዝ ደግሞ የሚኖሩበት ደንገል ራቃቸው።

በጌታችን ዘመን አይሁድ ከሳምራውያን ጋር አይተባበሩም ነበር። ጌታችን ግን በጉድጓዱ አጠገብ ተቀምጦ ውኃ የለመነው ሳምራዊቱን ሴት ነው (ዮሐ. 4)። ልብ እንበል፤ ሁሉን የሚሰጥ አምላክ ከተናቀ እጅ ለመቀበል ለመነ። በምሳሌውም የተናቀው ሰው ረዳቱ ነው እንጂ ተረጂው አይደለም። ሕግ ዐዋቂው ባልንጀራው የቱ እንደ ሆነ ሲጠየቅ “ሳምራዊው” ብሎ ስሙን መጥራት እንኳ ከብዶት ምሕረት ያደረገው ነው ብሎ አለፈ። እኛም ለወይጦ ልጆች ደብተርና ልብስ አሰባስቡ ብንባል ፈጥነን እንነሣ ነበር። መስጠት ከላይ ሆኖም ይቻላልና። ከእጃቸው ጠጡ ስንባል ግን ጾመኞች ሆንን።

“ሥርዓታችንስ?” የምንል እንኖር ይሆናል። ክርስቲያን የሚበላው ሥጋ የታወቀ ነው፤ ያን መጠበቅ አይነቀፍም። ሥርዓቱ የእኛን አፍ ይገዛል እንጂ ወንድማችንን አያረክስም። ቅዱስ ጴጥሮስ በኢዮጴ ራእዩን አይቶ ማንንም ሰው ርኩስ እንዳይል መማሩን እናስታውስ (ሐዋ. 10)። የቀረበልን ደግሞ ሥጋ አልነበረም፤ የጣና ውኃ ነው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ወደ አረጋዊው ሄድን። ያዘጋጀነው የይቅርታ ቃል ጠፋብንና “አባባ፣ ውኃ ያጠጡን” ብቻ አልን። እርሳቸውም ንጹሑን ጣሳ በፊታችን ሦስት ጊዜ አጠቡት። ሰው ሲጸየፋቸው ምን ያህል ዘመን እንደ ኖሩ ያን ጊዜ ገባን፤ ከመጀመሪያው ቅዳሜ ይልቅ አፈርን። ተቀብለንም ጠጣን።

እንግዲህ ወንድሞችና እኅቶች፣ የዚህን ወገን ስም እንደ ስድብ መጥራትን ከአንደበታችን እናስወግድ። በክፍላችን ብቻውን ከተቀመጠው ተማሪ አጠገብ እንቀመጥ። ኀዘን ሲደርስባቸው ሄደን እናስተዛዝን፤ ሲጋብዙንም ምክንያት አንፈልግ። የሚያየውን ወንድሙን ሳይወድ የማያየውን እግዚአብሔርን እወዳለሁ የሚል ሰው ሐሰተኛ እንደ ሆነ ሐዋርያው ዮሐንስ ያስተምረናል (1ኛ ዮሐ. 4÷20)። እኛ ቅዳሜን ጾም ብለን የዋሸን፣ ቃሉ ስለ ራሳችን የተጻፈ መሆኑን ዐውቀናል።

በወንበዴዎች እጅ ወድቀን ሳለ ያላለፈን፣ ቁስላችንን ያሰረልን እውነተኛው ሳምራዊ ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ በልባችን ያሰመርነውን ድንበር ያፍርስልን። አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።