ለቅሶ ከመድረሳችን በፊት

በነቀምቴም ሆነ በጊምቢና በደምቢ ዶሎ ሰው ሲሞት ዕድርተኛው ለቅሶ ይደርሳል፤ የታመመም ይጠየቃል። በአረቄ ሱስ የተያዘውን ወንድማችንን ግን «በራሱ ያመጣው ነው» ብለን እናልፈዋለን። ፍርዳችን ትክክል ነውን?

ጽዋውን መጀመሪያ ያነሣው በፈቃዱ ነበር፤ ሱስ ከጸናበት በኋላ ግን ፈቃዱ ራሱ ታስሯል። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስም (ቁ. 1735) ልማድ የሰውን ተጠያቂነት ሊቀንስ እንደሚችል ያስተምራል። ተቀነሰ ማለት ግን ጠፋ ማለት አይደለም፤ ብቻውን ማቆም ያቃተው ሰው «እርዱኝ» ማለት ይችላል። ታዲያ ማንን ይበል?

እ.ኤ.አ. በ1935 በአሜሪካ አገር በአክሮን ከተማ በመጠጥ የተፈተኑ ሁለት ሰዎች፣ አንዱ የአክሲዮን ባለሙያ ሌላው ሐኪም፣ ተገናኝተው ችግራቸውን ሳይደባበቁ ተነጋገሩ። ዛሬ በብዙ አገሮች የሚገኘው፣ አባላቱ ስማቸውን ሳይገልጹ የሚረዳዱበት ማኅበር ከዚያ ተወለደ። ለመጀመር ሁለት ሰዎች በቁ።

ስለዚህ፣ የተወደዳችሁ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን፣ «የሚሰበሰቡት የት ነው?» ብሎ የሚጠይቀንን «እዚህ የለም» ብለን አንሸኘው። በየቁምስናችን አንድ ክፍልና የታወቀ ሰዓት እናዘጋጅ፤ በዚያ የተነገረው በዚያ ይቅር። ለረጅም ጊዜ አብዝቶ የጠጣ ሰው በድንገት ቢያቆም ለሕይወቱ ሊያሰጋው ስለሚችል አስቀድመን ወደ ሐኪም እናድርሰው። ለቅሶው ከመድረሳችን በፊት ለእርሱ እንድረስለት።