የታሰረ ፍጡር ሐቅ

ውኃ በጀሪካን ተሰልፎ በሚቀዳበት አገር ዓሣን በመስታወት ሣጥን ማኖር፣ ውኃውንም በየጊዜው መቀየር ኢስራፍ አይደለምን? ጥያቄው ተገቢ ነው። ይሁንና ነብዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ድመት አስራ፣ ሳታበላትም ሳትለቃትም በረሃብ ስለገደለቻትና ስለተቀጣችው ሴት ያስተማሩትን እናስታውስ። ሴቲቱን ለተጠያቂነት ያበቃት ማሰሯ ነው። ዓሣም ከመስታወቱ ወጥቶ ንጹሕ ውኃ ሊፈልግ አይችልም።

ታዲያ የጎረቤትን ድርሻ ሳይሻሙ ይህን ሐቅ መወጣት ይቻላልን? በወላይታ ሶዶ በበልግና በክረምት ከጣሪያ በአሸንዳ የሚወርደው ዝናብ መልስ ይሆናል። ነገር ግን ጥንቃቄ ይሻል። የመጀመሪያው ውኃ የጣሪያውን አቧራና የወፍ ኩስ አጥቦ ስለሚወርድ ይደፋ። የቆርቆሮ ዚንክ ዓሣን ስለሚጎዳ ቀለም የተቀባ ጣሪያ ይመረጣል። የዝናብ ውኃ ማዕድን ስለሚያንሰው አድሮ ክሎሪኑ ከወጣለት የቧንቧ ውኃ ጋር ይቀላቀል፤ በአንድ ጊዜም ከሩብ በላይ አይቀየር። የወጣው አሮጌ ውኃ ለጓሮ እንሰት ይጠጣ።

በበጋ በርሜሉ ሲጎድል ቅድሚያው ያለጥርጥር የሰው ጥም ነው። ይህን አስቀድሞ ማሰብ ግን የአሳሪው ግዴታ ነው። የሁለቱንም ሐቅ መወጣት የማይችል ሰው ከመነሻው ዓሣውን ባያስር ይሻለዋል።