አካውንትህ ሲታገድ እውነትህ አብሮ አይታገድ



ምስጋና ሁሉ ለአላህ ይሁን። ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በሰሓቦቻቸው ላይ ይሁን።

የዛሬው ርዕሳችን ላልደረሰበት ሰው ቀላል ይመስላል። ወንድሜ፣ ሁለትና ሦስት ዓመት የደከምክበትን ጌም ልትጫወት ስልክህን ትከፍታለህ፤ አካውንትህ መታገዱን የሚገልጽ ጽሑፍ ይወጣብሃል። ራንክህ፣ የሰበሰብካቸው ስኪኖች፣ ከኪስ ገንዘብህ ቆጥበህ የገዛኸው ዩሲ፣ በየማታው የምታገኛቸው የስኳድ ጓደኞችህ ሁሉም እዚያው ቀሩ። ፐብጂ ሞባይል ላይ በማጭበርበር የተያዘ አካውንት እስከ 10 ዓመት ሊታገድ ይችላል። ለ17 ዓመት ልጅ 10 ዓመት ማለት ዕድሜ ልክ ነው። ትልልቆቹ ደግሞ "ጌም ነው እኮ!" ብለው ሲስቁ ሕመሙ ይብሳል።

እኛ አንስቅም። ሙእሚን በትንሹም በትልቁም ይፈተናል። ዲናችን በዚህ ሰዓት ምን እንድናደርግ እንደሚያስተምረን ግን አብረን እንይ።

አንደኛ፦ የመጀመሪያዋን ሰዓት ጠብቅ

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) መቃብር አጠገብ በምታለቅስ ሴት በኩል ሲያልፉ አላህን እንድትፈራና እንድትታገስ መከሯት። ማን እንደሆኑ አላወቀችምና የእሷ መከራ እንዳልደረሰባቸው ነግራ መለሰቻቸው። በኋላ ማንነታቸው ሲነገራት ደንግጣ ቤታቸው ድረስ መጣች። እሳቸውም ሰብር የሚባለው በመጀመሪያው ድንጋጤ ላይ የሚታየው መሆኑን አስተማሯት። ሐዲሱን ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል።

የሞትን ሐዘን ከጌም ጋር አናወዳድርም። መርሁ ግን አንድ ነው፤ ከሳምንት በኋላማ ማንም ይረጋጋል። ፈተናው ያለው ጽሑፉን ባነበብክባት ሰዓት ነው። ስልኩን ወርውረህ ትሰብራለህ? "እራት ቀርቧል" ያለችህን እናትህን ትጮህባታለህ? ያለ ማስረጃ "ሪፖርት ያደረገኝ እሱ ነው" ብለህ የጓደኛህን ስም በግሩፑ ታጠፋለህ? አካውንቱ ላይ የደረሰው አንድ ጉዳት ነው፤ እነዚህ ግን በራስህ እጅ የምትጨምራቸው ወንጀሎች ናቸው። ውዱእ አድርግ፣ ሁለት ረከዓ ስገድ፣ ከዚያ በኋላ አስብ።

ሁለተኛ፦ ራስህን በእውነት ጠይቅ

አካውንት ከሚታገድባቸው ምክንያቶች ሦስቱን እንይ።

አንዱ ሃክ ነው። ግድግዳ አሳልፎ የሚያሳይ ወይም ራሱ የሚያነጣጥር ፕሮግራም ጭኖ መጫወት። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በገበያ ላይ እህል የሚሸጥ ሰው ዘንድ እጃቸውን ክምሩ ውስጥ ቢያስገቡ ከላይ ደረቅ የሆነው እህል ከሥሩ እርጥብ ሆኖ አገኙት፤ የሚያታልል ሰው ከእሳቸው መንገድ እንዳልሆነም ተናገሩ። በሃክ የተገኘ ራንክም እንደዚያ እህል ነው፤ ከላይ ችሎታ ይመስላል፣ ከሥሩ ማታለል ነው። ያሸነፍከው ሰው ደግሞ ጊዜውን የደከመ እንዳንተ ያለ ልጅ ነው።

ሁለተኛው ግዢ ነው። ብዙዎቻችን ዓለም አቀፍ ካርድ ስለሌለን ዩሲ የምንገዛው በቴሌግራም ከሚሸጡ ሰዎች ነው። ሁሉም ሌቦች አይደሉም። ነገር ግን አንዳንዱ በተሰረቀ ካርድ ይሞላል። የካርዱ ባለቤት ገንዘቡን ሲያስመልስ ዕዳውና እገዳው የሚመጣው ባንተ አካውንት ላይ ነው። "ዋጋው ለምን ከሌላው ሁሉ ረከሰ?" ብሎ መጠየቅ ሙስሊም ከመግዛቱ በፊት ያለበት ጥያቄ ነው። አካውንት ከሌላ ሰው መግዛትም በብዙ ጌሞች ሕግ የተከለከለ ነው፤ ስትመዘገብ "ተስማምቻለሁ" ያልከው ቃል ደግሞ ቃል ነው።

ሦስተኛው ስህተት ነው። ማጭበርበርን የሚለየው በአብዛኛው ማሽን ነው፤ ማሽን ይሳሳታል። ምንም ያላደረገ ሰውም ይታገዳል።

ሦስተኛ፦ ቅሬታህን በእውነት ጻፍ

እዚህ ላይ የከዕብ ኢብኑ ማሊክን (ረ.ዐ) ታሪክ እናስታውስ። በ9ኛው ዓመተ ሒጅራ ከተቡክ ዘመቻ ያለ በቂ ምክንያት ቀረ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሲመለሱ የቀሩት ከሰማንያ በላይ ሰዎች እየመጡ ሰበብ ደረደሩ፤ ማሉም። ከዕብ ገጣሚ ነው፣ ንግግር ይችላል፤ ሰበብ መፍጠር አያቅተውም ነበር። ነገር ግን ዛሬ በውሸት ቢያመልጥ አላህ ነገ እንደሚያጋልጠው አወቀና ምንም ምክንያት እንዳልነበረው ተናገረ። ከሁለት ጓደኞቹ ጋር 50 ሌሊት ሙሉ ሰው ሁሉ እንዳያናግራቸው ተደረገ። ምድር ከስፋቷ ጋር ጠበበቻቸው። በመጨረሻ ተውባቸውን አላህ መቀበሉ በሱረቱ ተውባ ወረደ፤ እስከ ቂያማ ይነበባል። ሰበብ የደረደሩት ግን በዚያችው ሱራ ተወቀሱ።

የጌም እገዳ ከዚያ ጋር አይስተካከልም፤ የእውነት ዋጋ ግን በሁሉም ቦታ አንድ ነው። ሃክ ተጠቅመህ ከሆነ "ታናሽ ወንድሜ ነው የጫነው" ብለህ አትጻፍ። አካውንት ለማስመለስ ወንድምህን በውሸት መክሰስ እጅግ የከሰረ ንግድ ነው። ንጹሕ ከሆንክ ደግሞ ዝም ማለት ሰብር አይደለም፤ ሐቅህን ጠይቅ። በጌሙ ውስጥ ባለው የደንበኞች አገልግሎት የተጫዋች አይዲህን፣ እገዳውን ያየህበትን ቀንና የግዢ ደረሰኞችህን አያይዘህ አንድ ግልጽ መልእክት ላክ። ስድብ የሞላባቸው ሃያ መልእክቶች ከዚያ አይሻሉም።

በእነዚያ 50 ቀናት ለከዕብ ሌላ ፈተናም መጥቶ ነበር። የገሳን ንጉሥ፣ የተገለለ መሆኑን ሰምቶ፣ ወደኛ ና የሚል ደብዳቤ ላከለት። ከዕብ ፈተና መሆኑን አወቀና ደብዳቤውን ምድጃ ውስጥ ከተተው። አንተም በታገድክ ማግስት "ክፈለኝና አስከፍትልሃለሁ" የሚል ሰው በቴሌግራም ይመጣልሃል። የይለፍ ቃልህን ይጠይቅሃል፣ ገንዘብህን ይወስዳል፣ ይጠፋል። ያንን መልእክት አጥፋው።

አራተኛ፦ ካልተመለሰስ?

ላይመለስ ይችላል። ያን ጊዜ "እንዲህ ባደርግ ኖሮ" እያልክ አትንገብገብ፤ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ይህች ቃል ለሸይጧን በር እንደምትከፍት አስጠንቅቀውናል። በሱረቱል ሐዲድም አላህ ባመለጠን ነገር እንዳናዝን፣ በሰጠንም እንዳንኩራራ ያስተምረናል። ደግሞም የአካውንቱ ባለቤት መጀመሪያም አንተ አልነበርክም፤ በአብዛኞቹ ጌሞች ውል መሠረት የተሰጠህ የመጠቀም ፈቃድ ብቻ ነው። ዱንያም እንዲሁ ነች።

ወንድሜ፣ እህቴ፣ በእርጋታ አስቡት። ከዒሻ በኋላ እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት የነበረው ጊዜ አሁን ተመልሶላችኋል። ሱብሒን በወቅቱ ለመስገድ ያቃተን በእንቅልፍ ምክንያት ነበር ወይስ በዚያ ጌም? ጨዋታ ሁሉ ሐራም ነው እያልን አይደለም። ነገር ግን ቂያማ ቀን ዕድሜያችንን በምን እንዳሳለፍነው፣ ገንዘባችንን ከየት አምጥተን በምን እንዳወጣነው እንጠየቃለን።

ሁላችንም አንድ ሌላ አካውንት አለን። የተከበሩ መላእክት ይጽፉበታል፤ ማሽን አይሳሳትበትም፣ ማንም በሐሰት ሪፖርት አያዘጋውም። የቱንም ያህል ብናጠፋ ነፍስ ጉሮሮ እስክትደርስ ድረስ የተውባው በር ክፍት ነው። ቅሬታ ለመጻፍ ደረሰኝ አያስፈልግም፤ ከልብ የወጣ አንድ "አስተግፊሩላህ" ይደርሳል።

ዛሬ ጁምዓ ነው። ሱረቱል ከህፍን እንቅራ፣ በነቢያችን ላይ ሶለዋት እናብዛ፣ ዱዓ ተቀባይነት የምታገኝባትን ሰዓት እንፈልግ።

አላህ ሆይ! በመጀመሪያው ድንጋጤ ሰብርን ስጠን። በሚጎዳን ጊዜም እውነት ተናጋሪዎች አድርገን። ከጠፋብን የተሻለውን ተካልን። አሚን።

ሰሞኑን አካውንቱ ለታገደበት ጓደኛችሁ አድርሱለት፤ አትሳቁበት።