ጠባቂው ሲርቅ

አንድ ጥያቄ እናንሣ። ሰው በጎ የሚባለው ክፉ ሳይሠራ ስለ ቆየ ነው? ወይስ የሚይዘው በሌለበትም ጊዜ በጎ ሆኖ ስለሚገኝ? ጥያቄው የቆየ ነው፤ እኛ ግን ብዙ ወጣቶች በሚያውቁት ጨዋታ በኩል ልንመረምረው ወደድን።

ከርባል ስፔስ ፕሮግራም የሚባል የኮምፒዩተር ጨዋታ አለ። እ.ኤ.አ. በ2011 ለሕዝብ ቀረበ፤ በ2015 ተሟልቶ ወጣ። ተጫዋቹ ክፍሎችን ገጣጥሞ ሮኬትና አውሮፕላን ይሠራል፤ የሠራውንም ያበራል። ከሥራዎቹ መካከል ትዕግሥትን የሚፈትነው ከውሃ ተነሥቶ በውሃ ላይ የሚያርፍ አውሮፕላን መሥራት ነው። በእውነተኛው ዓለም ፈረንሳዊው ሄንሪ ፋብር እ.ኤ.አ. በ1910 በሞተር ኃይል ከውሃ ላይ ተነሥቶ በመብረር የመጀመሪያው ሆነ። የዚህ ሥራ ችግር በጨዋታውም ያው ነው፤ አንዱ አካል በሁለት ዓለም መጽናት አለበት።

ውሃ እንዳይረጨው ሞተሩን ከፍ አድርገን ብንሰቅለው፣ ኃይል በሰጠነው ቁጥር አፍንጫውን ወደ ታች ይደፋዋል። ተንሳፋፊ እግሮቹም ውሃውን ሲሰነጥቁ ወደ ኋላ ይጎተታሉ። ስለዚህ እግሮቹ ከክብደቱ ማዕከል አልፈው ወደ ፊት ካልረዘሙ አፍንጫው ጠልቆ ይገለበጣል። በአየር ላይ ደግሞ የክንፎቹ የማንሣት ኃይል ማዕከል ከክብደቱ ማዕከል ጥቂት ወደ ኋላ መሆን አለበት። እንዲህ ከሆነ ነፋስ አፍንጫውን ቢያነሣውም አውሮፕላኑ በራሱ ይመለሳል። ወደ ፊት ከሆነ ግን ትንሹ መናወጥ እያደገ ይገለብጠዋል። እጅግ ወደ ኋላ ከራቀም አፍንጫው ከብዶ ከውሃው አልላቀቅ ይላል። ነዳጅ ሲጎድልም የክብደቱ ማዕከል ቦታውን ይለውጣል፤ ሲነሣ የተስተካከለው ሲመለስ ሊናወጥ ይችላል።

ይሁን እንጂ ጨዋታው ማረጋጊያ ሰጥቷል። በኤሌክትሪክ የሚሠሩ መንኮራኩሮች አውሮፕላኑን ይዘው ያቀኑታል። በእነርሱ ብርታት ክፉኛ የተገጠመ አውሮፕላን እንኳ ቀጥ ብሎ ሊበር ይችላል፤ ከሩቅ ለሚያየው ከመልካሙ አይለይም። ኤሌክትሪኩ ያለቀ ዕለት ግን የሁለቱ ልዩነት ይገለጣል።

እኛስ? ፈታኙ ከክፍል ሲወጣ ዓይናችን ወዴት ይሄዳል? ባለ ሱቁ ተሳስቶ ትርፍ መልስ ሲሰጠን እጃችን ምን ያደርጋል? በወላጆቹ ቤት ጨዋ የነበረ ወጣት ለትምህርት ወይም ለሥራ ወደማያውቁት ከተማ ሲሄድ ከውሃው ወደ አየር ወጣ ማለት ነው። በዚያ የሚጸናው በውስጡ በተሠራው እንጂ በያዘው እጅ አይደለም። አበው «ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ» ያሉት ለዚህ ነው።

ታዲያ ጠባቂና ምክር ከንቱ ነው ልንል ነውን? ከቶ አይደለም። በደንብ የተሠራው አውሮፕላንም ማረጋጊያውን ይጠቀማል፤ የአብራሪውን ድካም ያቀልለታልና። ጥፋቱ ድጋፉን መውደድ ሳይሆን ድጋፉን እንደ ራስ ጠባይ መቁጠር ነው። ብልህ ተጫዋች ሩቅ ከመሄዱ በፊት ማረጋጊያውን ያጠፋል፤ አፍንጫውን ጥቂት ነካ አድርጎ ይለቅቃል፤ ይመለስ እንደ ሆነም ያያል። እኛም ታላቁ ፈተና ሳይመጣ ራሳችንን በትንሹ ነገር እንፈትን፤ ማንም በማያውቀው ሳንቲም፣ ማንም በማይሰማው ቃል።

እንግዲህ ጽኑ ማለት የማይናወጥ ማለት አይደለም። ነፋስ የማይነካው አውሮፕላን የለም፤ እንዳይነካው ብለን ከመጠን በላይ ያከበድነውም ከውሃው አይነሣም። ጽኑ ማለት ሲናወጥ መመለስን የሚያውቅ ነው። ይህ መመለስ የሚገኘው ከግጥሙ ነው፤ ግጥሙ ደግሞ ከመብረር በፊት ይስተካከላል። የወጣትነታችን ዘመን የመገጣጠሚያው ዘመን ነውና ዛሬ ክብደታችንን የት እንዳኖርን እንመርምር።