ላም ባልዋለበት

ና ልጄ፣ ግባ። ቡናው ገና አቦሉ ነው። የብሎካችን ልማት ኮሚቴ ጸሐፊ ሆነ ሲሉኝ መጀመሪያ ደስ አለኝ፤ ቆይቼ ሳስበው ግን እጁን የሚያወጣ ሰው ጠፍቶ አንተን እንደጠቆሙህ ገባኝ። አይክፋህ። እኔንም ድሮ ቀበሌ ያስገቡኝ እንዲሁ ነው፤ ጥግ ተቀምጬ ሳንጎላጅ ስሜ ተጠራ፣ ጭብጨባው ቀሰቀሰኝ።

ሰፈርህ ላምበረት ነውና ሁለት የላም ተረት ይዘህ ሥራ ጀምር። አንደኛው “ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ” ነው። ይኼን ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ቃል ገብቶ ለጠፋ ሹም ይተርትበታል። ሁለተኛው “ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ” ነው። እሱን ግን በራሳችን ላይ የሚተርት አላየሁም፤ የሚገባውም ለእኛ ነበር።

ለምን መሰለህ? የታችኛው መንደር ጎርፍ የገባበትን ክረምት አንተ አታስታውሰውም፤ በእናትህ ጀርባ ላይ ነበርህ። ከየካ ተራራ የሚወርደው ውሃ የመንገዱ ቱቦ ሲደፈንበት አጥር ሰብሮ ገባ። ፍራሹ ተንሳፈፈ፣ የጎረቤቴ የጤፍ ማዳበሪያ ከነጤፉ ቦካ። እኛ ሽማግሌዎቹ ነጠላችንን አደግድገን አንድ መሥሪያ ቤት ደጅ መጥናት ጀመርን። ሁለት ክረምት አለፈ። አንዴ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፣ አንዴ መስክ ወጥተዋል። በመጨረሻ አንዲት ጸሐፊ አዘነችልንና “አባቶቼ፣ ይኼ ቱቦ እኮ የእኛ አይደለም” አለችን። ሁለት ዓመት ሙሉ ላም ያልዋለበት ሜዳ ላይ ኩበት ስንለቅም ኖረን!

ስለዚህ ከሁሉ በፊት የነገሩን ባለቤት እወቅ። የዝናብ ውሃ መውረጃው ከመንገዱ ጋር ስለሚሄድ የከተማው መንገዶች ባለሥልጣን ጉዳይ ነው። ከሽንት ቤት የሚወጣው ፍሳሽ ደግሞ የውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣን ነው። ለእኔና ለአንተ ሁለቱም ቆሻሻ ውሃ ነው፤ ለቢሮ ግን አንዱ ከሌላው ሰማይና ምድር ነው። የውስጥ ለውስጥ ኮብልስቶን ሲሆን ከወረዳ ጀምር። የመብራት ምሰሶ ከዘመመም ወረዳ ሄደህ አትጨቃጨቅ፣ የኤሌክትሪክ አገልግሎቱ ዘንድ አመልክት። ጎረቤትህ የሽንት ቤቱን ቱቦ በጨለማ ከዝናቡ መውረጃ ጋር ቀጥሎት ብታገኘውስ? ያን ጊዜ ቢሮ አትሩጥ፤ ነገሩ መጀመሪያ የእድር ነው። ዳኛውን ይዘህ ቤቱ ሂድ፣ ቡና ጠጡ፣ ዓይኑን እያያችሁ ንገሩት። ደብዳቤ ያላሳፈረውን ሰው የእድር ዳኛ ፊት ያሳፍረዋል። ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ።

ቀጥሎ ጊዜውን እወቅ። “ዳኛ ሲገኝ ተናገር፣ ውሃ ሲጎድል ተሻገር” ያሉት አባቶች ስለ ጎርፍና ስለ በጀት የተናገሩ ይመስለኛል። የመንግሥት ዓመት ሐምሌ 1 ይብታል፤ 138 መቀመጫ ያለው የከተማው ምክር ቤትም በጀቱን የሚያጸድቀው ክረምት መግቢያ ላይ ነው። እኛ ደግሞ ስለ ቱቦ የምናስታውሰው ሐምሌ መሐል፣ ውሃው ጉልበት ሲደርስ! ያን ጊዜ ገንዘቡ ተደልድሏል፣ ቆፋሪውም ጭቃ ውስጥ አይገባም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኼ ነው። አሁን ጥር ነው፣ የየካ ሚካኤል ታቦት ከገባ ሳምንቱ፣ መሬቱ ደረቅ። ደብዳቤህን አሁን አስገባ። ግንቦት ላይ ደግሞ ወጣቱን ሰብስብና ቱቦውን በአካፋ አስጠርግ። ይኼን ማንም ቢሮ አይሠራልህም፤ ፌስታሉን የጣልነው እኛ ነን።

ወረቀት ያዝ። በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል። እኔ የመሥሪያ ቤት ታፔላ ሲቀያየር አርጅቻለሁ። ሐምሌ 19 ቀን 1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ወጣ፤ እሱን ተከትሎ ቀበሌ የሚባል መጣ፤ ስኳሩም፣ መታወቂያውም፣ ፍርዱም እዚያ ሆነ። በ1995 ቻርተሩ ታወጀና ክፍለ ከተማ ተባለ፣ አሥር ሆኑ። በ2013 ደግሞ ከቦሌና ከየካ ተቆርሶ ለሚ ኩራ ተጨመረ፣ አሥራ አንድ። አንተስ ብትሆን እስከ ዛሬ ወረዳ እየሄድክ “ቀበሌ ደርሼ ልምጣ” አይደል የምትለው? አፋችን እንኳን ያልደረሰበትን ለውጥ ማህደር እንዴት ይደርስበታል? ቢሮ በተዛወረ ቁጥር የሚጠፋው የድሃ ደብዳቤ ነው። ስለዚህ ሁለት ቅጂ ይዘህ ሂድ፤ አንዱን መዝገብ ቤት ስጥ፣ በሌላው ላይ ቁጥር፣ ቀንና ማህተም አስመትተህ ይዘህ ተመለስ። ማህተም የሌለው ቅጂ የፍቅር ደብዳቤ ነው።

ስብሰባ ላይ ስትነሳ “መንገዳችን ተበላሽቷል” ብለህ አትቀመጥ። እሱን ሁሉም ሰፈር ይለዋል። ሜትር ከሌለህ በእርምጃ ለካ፦ ከወፍጮ ቤቱ እስከ ጥግ ይህን ያህል እርምጃ፣ ይህን ያህል ድንጋይ ተነቅሏል፣ በዚህ ቀን ለቧንቧ ተቆፍሮ እንደነገሩ ተመለሰ። ውሃ በፈረቃ በየትኛው ሌሊት እንደሚመጣ ማወቅ ከፈለግህ ደግሞ ወንዶቹን አትጠይቅ፤ እኛ ተኝተን ነው የምናድረው። ሴቶቹ ናቸው ጄሪካን ደርድረው የሚያነጉት።

አንድ ነገር አደራ፣ የሰፈራችንን የአውቶቡስ መናኸሪያ አትርሳ። ከደሴ፣ ከደብረ ብርሃን የሚመጣ መንገደኛ በእኛ ስብሰባ እጅ አያወጣም። ሌሊት 10 ሰዓት ሻንጣ ተሸክሞ አውቶቡስ የሚፈልገውም አያወጣም። የመንገድ መብራት ስንጠይቅ ግን ለእነሱም ነው የምንጠይቀው። በረት ያለ በር አይሆንም፤ የእኛ በር እነሱ ናቸው።

ይኼ የኮሪደር ልማት ነገር ሰውን በሁለት ከፍሎታል። በ2016 ከአራት ኪሎ በቀበና እስከ መገናኛ፣ ከቦሌም እስከ መገናኛ ሲሠራ አይተናል፤ እግረኛው መንገድ ሰፋ፣ ሽቦው መሬት ገባ፣ ብስክሌት መንገድ አገኘ። ማታ ወጥቼ ሄጄበታለሁ፣ ያምራል፣ ለጉልበቴም ተመችቶኛል። ከሰፈሩ የተነሳ ሰው ግን ቤት ቢሰጠው እንኳ እድሩን ማን ይሰጠዋል? ይኼን ሳላነሳ “ያምራል” ብዬ ብቻ ባልፍ እዋሻለሁ። “እኛም ልንነሳ ነው” የሚል ወሬ ሲመጣብህ ግን ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች እንዳይሆንብህ። ሰው ቤቱን በርካሽ የሚሸጠው በወሬ ነው። የሚለቀቅ መሬትና የካሳ ነገር በሕግ የተጻፈ ነው፤ አዋጅ ቁጥር 1161/2011ን ከነማሻሻያው አንብበው። ማንም ደብዳቤ ቢደርሰው የደረሰበትን ቀን ይጻፍ፣ የአቤቱታው ጊዜ የሚቆጠረው ከዚያ ነውና።

መዋጮ ሲሰበሰብ ያለ ደረሰኝ አንድ ብር አትንካ። “ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል” የሚሉትን ተረት ደግሞ እዚህ ቤት አታምጣብኝ። አባቶቻችን የተናገሩት ሁሉ ደህና ነው ያለህ ማነው?

ያን ከአልጋው ሥር ያለውን ማህደር አምጣ። አቧራውን አራግፈው፣ ውጭ ሆነህ፣ ባለቤቴ ትቆጣለች። ከላይ ያለው የቱቦው ማመልከቻ ነው፤ ሳይመለስ የቀረው እሱ ነው፣ አዲሱን ስትጽፍ ቁጥሩን ጥቀስ። ሰኞ 2 ሰዓት ተኩል መዝገብ ቤቱን ይከፍታሉ፤ አምስት ሰዓት ብለህ ብትሄድ ሰልፉ ደጅ ይደርሳል። ቶናው መጣ፣ ተቀመጥ።